ጀልባው ከመገዛቱ በፊት

ጥያቄ፦ ዕቁብ ደርሶኝ 400 ሺህ ብር በእጄ አለ። ዋርሳዬ ወደ ዘጌ ቱሪስት የምታመላልስ የሞተር ጀልባ በእኩል ድርሻ እንግዛ ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በቴሌግራም በቀን 2 በመቶ የሚከፍል ነገር አለ፣ እኔ እየበላሁ ነው ትላለች። ሁለቱም ቶሎ ወስኚ እያሉ ያጣድፉኛል። ብሩ ባንክ ሲቀመጥ ደግሞ ዋጋው እየወረደ ነው። የቱ ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ። የቴሌግራሙን ቶሎ እንጨርሰው። በቀን 2 በመቶ፣ ትርፉም በየቀኑ እየተደመረበት ቢሄድ 10 ሺህ ብር በዓመቱ ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። በስልክሽ አስልተሽ እዪው። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የአንቺን ብር ለምን ይለምናል? እንዲህ ያለው ክፍያ የሚመጣው ኋላ ከሚገቡት ሰዎች ኪስ ነው፤ አዲስ ገቢ ሲቆም እሱም ይቆማል። ተይው። ባልደረባሽንም ያስገባሽውን አውጪ በያት።

ጀልባው ግን እውነተኛ ሥራ ስለሆነ ጊዜ ይገባዋል። በኅዳር 2016 በ99 ዓመቱ ያረፈው አሜሪካዊ ባለሀብት ቻርሊ መንገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያ ነበር። አብራሪዎቹን እንዴት ላድናቸው ብሎ ሳይሆን፣ ልግደላቸው ብል የሚቀለው መንገድ የቱ ነው ብሎ ያስብ እንደነበር ተናግሯል። ያገኘው መልስ ሁለት ነው፦ አውሮፕላኑ ላይ በረዶ በሚጋገርበት አየር ውስጥ መላክ፣ ወይም ሳያርፉ ነዳጅ እንዲያልቅባቸው ማድረግ። ከዚያ ሐሳቡን ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማስቀረት ላይ አደረገ።

አንቺም ዛሬ ማታ ወረቀት ያዢ። ዓመት አልፏል፣ ብሩም የለም። ለምን ጠፋ? የመጣልሽን ሁሉ ጻፊ። እንግዳ ቀረ፣ ሞተሩ አሮጌ ነበር፣ ቤንዚን ጠፋ፣ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ዋርሳሽ የዕለቱን ገቢ ሳይመዘግብ ቢቀር አንቺ ለቤቱ ሰላም ብለሽ ዝም ትያለሽ፣ ባለቤትሽም መሀል ላይ ይቸገራል፣ በመጨረሻ ብሩም ዝምድናውም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሳትደብቂ ጻፊው።

ከዚያ ወደብ ውረጂ። በዓል ሲሆን ብቻ አይደለም፣ ተራ ማክሰኞ ቀንም፣ ዝናብ ሲሆንም ሂጂ። ስንት ጀልባ ወጣ፣ ስንቱ ታስሮ ዋለ? ደርሶ መልስ ስንት ሊትር ይፈጃል? ሞተሩን የሚያይልሽ መካኒክ ሻጩ ያመጣው ሰው አይሁን።

ብሩ ዋጋው እየወረደ ነው ያልሽው እውነት ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ሁላችንም አይተነዋል። ግን 400 ሺው ግማሹ ቢጠፋ ወደ ነበረበት ለመመለስ የቀረው እጥፍ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ስንት ዓመት ይፈጃል? ስለዚህ ሁሉንም አታስገቢ። ከግማሽ ባነሰ ድርሻ ግቢ፣ የቀረውን በጊዜ ገደብ ባንክ አስቀምጪው።

ዋርሳሽን ድርሻችንና የገቢ መዝገቡ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት ይሁን በይው። እሺ ካለ ቀጥሉ። ቅር ካለው ግን ጀልባው ምንም ያህል ቢያምር አትግቢበት።