ሁለት ክላስ በአንድ ፋይል፦ የጃቫ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የጃቫ፣ የፕሮግራም ቋንቋው፣ ናቸው፤ ያውም «ክላሱን የት ፋይል ውስጥ ልክተተው?» የሚሉ። ክላስ የጃቫ ፕሮግራም የሚገነባበት የኮድ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። «ተማሪ» እና «ውጤት» የሚባሉ ክላሶችን አንድ ፋይል ውስጥ ጻፍኩ። «ውጤት»ን ከሌላ ፋይል ስጠራው፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ረዳት ክላስ (በሌላ ክላስ ስም በተሰየመ ፋይል ውስጥ ያለ) ከራሱ ፋይል ውጭ መጠራት የለበትም እያለ ያስጠነቅቀኛል። ፕሮግራሙ ግን ይሠራል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። አሁን የሚሠራልህ በዕድል ነው። ኮምፓይለሩ «ውጤት»ን ሲፈልግ የሚያየው በዚያው ስም የተቀመጠ ፋይል አለ ወይ ብሎ ነው። ያንተው ግን «ተማሪ» ውስጥ ተደብቋል። ሁሉንም ፋይሎች አብረህ ኮምፓይል ካደረግህ ወይም የድሮው ዶት ክላስ (ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ፋይል) ፎልደሩ ውስጥ ካለ ያገኘዋል። እስቲ ዶት ክላሶቹን በሙሉ አጥፋና ጠሪውን ፋይል ብቻውን ኮምፓይል አድርገው። ጠሪው «ተማሪ»ን የማይጠቅስ ከሆነ «ውጤት የሚባል አላውቅም» ይልሃል። እኔም በዚሁ ነገር ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ እኔ ጋ የሚሠራው ኮድ ባልደረባዬ ጋ እምቢ ብሎ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ውጤት»ን ወደ ራሱ ፋይል አውጣው፣ ፓኬጁ (ክላሶቹ የተመደቡበት ቡድን) ያው ይሁን። «ተማሪ» ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን እዚያው ይቀመጥ፣ ችግር የለውም። (በነገራችን ላይ ጃቫ የግዕዝ ፊደልን ለክላስ ስም ይቀበላል። አብረውህ የሚሠሩት መቀበላቸውን እንጃ።)

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ክላሶች እዚያው ፋይል ውስጥ እንዳሉ ፐብሊክ (ለሁሉም ክፍት) ባደርጋቸውስ?

መልስ፦ ያኔ ማስጠንቀቂያው ቀርቶ ስህተት ይሆናል። በአንድ ፋይል አንድ ፐብሊክ ክላስ፣ የፋይሉም ስም የእሱ ስም።

ጥያቄ፦ ክላሱን ሌላ ክላስ ውስጥ አስገባሁት። ስታቲክ (ያለ ውጪው ክላስ ኦብጀክት የሚፈጠር) ላድርገው?

መልስ፦ የውጪውን ክላስ ዕቃ የማይነካ ከሆነ አዎ። ስታቲክ ካልሆነ የውጪው ክላስ ኦብጀክት (ከክላሱ የሚፈጠረው ነገር) ሳይኖር የውስጡን መፍጠር አትችይም። ፎልደርሽ ውስጥ ሁለቱ ስሞች በዶላር ምልክት ተያይዘው ብታይ አትደንግጪ፣ ጤነኛ ነው።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። ኮምፓይለሩ ኮዴ ያልተረጋገጠ ነገር እንደሚጠቀም ይነግረኛል። ክላሶቹን በየፋይሉ ብበትንም አልጠፋ አለኝ።

መልስ፦ ቢበትኑትም አይጠፋም፤ የፋይል ጉዳይ አይደለም። ምናልባት አሬይሊስቱ (የነገሮች ዝርዝር መያዣው) ምን እንደሚይዝ ሳይነገረው ቀርቶ ይሆናል። ይህን መንገሪያው፣ ጄኔሪክስ፣ በጃቫ 5፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የመጣው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የማስተማሪያ ኮድ እየቀዱ ከሆነ ይህ ይገጥምዎታል። ኤክስሊንት አንቼክድ (-Xlint:unchecked) የሚለውን አማራጭ ጨምረው ኮምፓይል ቢያደርጉ መስመሩን ራሱ ያሳይዎታል። ሰፕረስ ዋርኒንግስ (ማስጠንቀቂያን ዝም የሚያሰኘውን ምልክት) ለጥፎ አፉን ማስያዝ ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ጥያቄ፦ የፋይሌ ስም በትንሹ ፊደል ይጀምር ነበር፣ ከክላሱ ጋር እንዲስማማ ወደ ትልቁ ቀየርኩት። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ሊነክስ ሰርቨሩ ግን የፋይሉ ስም ልክ አይደለም ይላል።

መልስ፦ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ፕሮግራም) ነው የሸወደሽ። ዊንዶውስ ላይ የፊደል መጠን ብቻ ሲቀየር ላያስተውል ይችላል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው አሁንም የድሮው ስም ነው። በጊት ኤምቪ (የጊት ስም መቀየሪያ ትእዛዝ) መጀመሪያ ወደ ሌላ ስም፣ ቀጥሎ ወደ ትክክለኛው ቀይሪውና ፑሽ አድርጊው (ወደ ሰርቨሩ ላኪው)።