ልጅ የማይወልደው ሕዋስ

ልጆቼ፣

ሥነ ሕይወት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሕዋሳት ለምን ሥራ እንደተከፋፈሉ በፈተና ስጠይቅ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማሪ «ሥራው ስለሚቀላጠፍ» ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። ማርኩን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ሕዋስ ራሱን ሳይተካ ለሌላው ሲሠራ ኖሮ መሞቱን ይህ መልስ አይነካውም።

ጥያቄው እንዲገባችሁ ከሰው አካል አትጀምሩ፤ የነርቭ፣ የጡንቻ፣ የደም እያላችሁ ስትቆጥሩ ይጠፋባችኋል። ከቮልቮክስ ጀምሩ። በረጋ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በባዶ ዓይን አረንጓዴ ነጥብ የሚመስል አልጌ ነው። ቮልቮክስ ካርተሪ የተባለውን ዝርያ በማይክሮስኮፕ ብታዩት፣ በጠራ ኳስ ገጽ ላይ 2000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት ተሰድረው እያንዳንዳቸው በሁለት ጭራ ይቀዝፋሉ። ከእነርሱ ሥር 16 ያህል ትልልቅ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ መቅዘፉን ትተው ይወልዳሉ።

ሁሉም ሁለቱንም ቢሠሩስ? ባለ አንድ ሕዋሱ ዘመዱ ክላሚዶሞናስ ሊከፈል ሲል ጭራውን ይሰበስባል። ለብቻ ለሚኖር ይህ ብዙ አይጎዳም። ሁለት ሺህ ሕዋስ አንድ ላይ መቅዘፉን ቢያቆም ግን ኳሱ ከብርሃን ርቆ ይሰምጣል።

ቀዛፊዎቹን ከመውለድ የሚያግዳቸው ሬግ ኤ የተባለ ዘረመል ነው። እድገታቸውን ስለሚገታ ለመከፈል የሚያበቃ መጠን ላይ አይደርሱም። ዘረመሉ ሲበላሽ ጥቂት ቀዝፈው ይወፍሩና ጭራቸውን ጥለው መውለድ ይጀምራሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ፣ ክላሚዶሞናስም የዚህ ዘረመል ዘመድ ያለው መሆኑ ነው። ክላሚዶሞናስ ብርሃን ወይም ምግብ ሲያጥረው ዘረመሉ ይነቃል። ክፉ ቀን እስኪያልፍ «አሁን አትውለድ» ይል የነበረው ትእዛዝ፣ በቮልቮክስ ዘንድ «አንተ አትውለድ» ሆነ ማለት ነው። ስለ አዝጋሚ ለውጥ ስታነቡ ምን አዲስ ነገር ተፈጠረ ከማለታችሁ በፊት የትኛው አሮጌ ነገር ቦታ እንደቀየረ ጠይቁ።

ቀዛፊው ደግሞ የሚመስለውን ያህል አልተበደለም። የኳሱ ሕዋሳት በሙሉ ከአንዲት ሕዋስ ስለተገኙ፣ የሚወልዱት ትልልቅ ሕዋሳት የሚያስተላልፉት ዘር የእርሱም ዘር ነው።

ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ልጆቹ፣ ማለትም በኳሱ ውስጥ ያደጉት ትናንሽ ኳሶች፣ እናት ኳሱን ቀደው የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቁ። ሁሉም ዓይኑን ልጆቹ ላይ ይተክላል። እናንተ የተቀደደውን እናት ኳስ እዩ፤ ሞታቸው የቀረበው ቀዛፊዎች ባዶውን ይዘው ገና ይቀዝፋሉ።