ካምቢዮውን ማን ፈታው?

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። አቦሉ ሳይቀዳ ስልኳን አውጥታ የመኪና ፎቶ አሳየችኝ። ነጭ፣ አዲስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ይኸው ሆኗል። ግማሹን ከቁጠባዋ፣ ግማሹን ከባንክ ተበድራ ልትገዛው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለችኝ። «ሻጮቹ ትንሽ ከጨመርሽ ጋራንቲውን ሁለት ዓመት እናራዝምልሻለን አሉኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?»

«ተይው ባክሽ፣ ብርሽን አትበትኚ። እኔ እያለሁ የምን ጋራንቲ ነው?» አልኳት። ስቃ፣ በረካውን ጠጥታ ሄደች።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እኔ እያለሁ» የሚለውን ከዚህ በፊትም ለአንድ ሰው ተናግሬዋለሁ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ጠዋት ተነሥቼ ይቺን ደብዳቤ ጀመርኩ። ለእሷም፣ እንደ እሷ አዲስ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ልጆችም ትሁን።

መካኒክ ነኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ እላለሁ እንጂ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ኮፋኖ ተከፍቶ ካየሁ እግሬ ወደዚያው ይሄዳል። ሙያውን የተማርኩት ደሴ ነው፤ በወጣትነታቸው ከጣልያኖች ጋር በሠሩ አንድ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ። ሰውዬው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ሁለተኛው ፒስቶን ነው» ይላሉ። ሞተሩ ይፈታል፤ እውነትም ሁለተኛው ፒስቶን ነው። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ይሰኩና ኮድ ያነባሉ። ኮዱ ያላወቀውን እነሱም አያውቁትም። ብቻ ብዙም አልፈርድባቸው፤ እኔ ጆሮዬን አምኜ የሠራሁትን ስሙ።

ዘመኑ 1991 ነው። አጎቴ የእህልና የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። «አያ» እንላቸው ነበር። ሃያ ዓመት በሰው መኪና እያስጫኑ ከነገዱ በኋላ የእቁብ ብራቸውን፣ የሁለት በሬና የአንድ ቤት ሽያጭ ደምረው አዲስ ባለ ስድስት ጎማ የጭነት መኪና ገዙ። ሰማያዊ ነበር። የመጣ ዕለት የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየው። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ጠበል ረጩ። ወሎ ነውና ማንም አልተገረመም።

ከመኪናው ጋር አንድ ትንሽ መጽሐፍ መጣ። ጋራንቲው አንድ ዓመት ወይም 50 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው ይላል። አያ ማንበብ አይችሉም ነበር። «አንተ ያዝልኝ» ብለው ሰጡኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ማንበብ እችል ነበር።

መኪናው ከቆቦ እየጫነ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። አሥራ አንደኛው ወር ላይ ሾፌሩ መጣና «ሦስተኛ ማርሽ ይተፋል» አለ። ለማታውቁት፣ ማርሹ ከገባ በኋላ በራሱ ይወጣል ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ ማርሽ ከተፋ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ያውም በጭጋግ፣ ያውም ከነጭነቱ። የሾፌሩ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

አያ «ወደ ገዛንበት እንውሰደው ይሆን?» አሉ። የገዛንበት አዲስ አበባ ነው፤ ከኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ። መኪናው ሳምንት ይቆማል፣ ምናልባትም ሁለት። ጊዜው ደግሞ ሽንኩርት የሚነሣበት ነው። እኔ ያኔ አርባ አልሞላኝም። የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ስሜ ከወልድያ እስከ ከሚሴ ሲጠራ መስማት የጀመርኩበት ጊዜ ነበር። ለሰው የማይታይ ትዕቢት ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ልነግራችሁ አልችልም። «አያ፣ እኔ እያለሁ መኪና አዲስ አበባ ይሄዳል?» አልኳቸው።

ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን ማለት ነው፣ አወረድኩት። ፈታሁት። ማርሹን የሚገፋው ሹካ ጫፉ ተበልቷል፣ አንዱ ኩሽኔታም ይጫወታል። አዲስ ኩሽኔታ ደሴም ኮምቦልቻም ጠፋ። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ አስመጣሁ። በአራተኛው ቀን መኪናው ተነሣ። ማርሹም መትፋቱን ተወ። አያ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ «የእህቴ ልጅ እጁ ወርቅ ነው» ይሉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሄደ። ከዚያ የውጫሌ ዳገት ላይ ካምቢዮው ነከሰና መኪናው ቆመ። ውጫሌ ማለት ያችው በ1881 ከጣልያን ጋር የተፈረመው ውል የሚጠራባት ናት። አንቀጽ 17 በአማርኛው ሲፈልጉ የሚል፣ በጣልያንኛው የግድ የሚል። የአንድ ቃል ልዩነት አድዋ ድረስ አደረሰን። ያላነበብኩት ውል ያለበት መኪና እዚያው ቦታ መቆሙን ዛሬ ሳስብ እስቃለሁ። ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ሽንኩርቱ በሸራ ሥር፣ በፀሐይ፣ አራት ቀን ሰነበተ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

መኪናው በጎታች ደሴ ገባ፤ ከደሴ በሌላ መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ። ጋራንቲው ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔና አያ አብረን ሄድን። አንድ ቱታው ንጹሕ የሆነ ወጣት ባለሙያ ከመኪናው ሥር ገባና በባትሪ ብሎኖቹን አየ። የፋብሪካው ቀለም ምልክት ተሰንጥቋል። ወጥቶ እጁን እየጠረገ ጠየቀ።

«ይሄን ካምቢዮ ማን ፈታው?»

አያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «እኔ ነኝ ያስፈታሁት ልጄ፣ ቸኩዬ ነው» አሉ።

ልጁ ክፉ አልነበረም። «አባቴ፣ ሳይነካ ቢያመጡት ኖሮ ሙሉ ካምቢዮ በነጻ እንቀይርልዎት ነበር። ይሄ ሦስተኛ ማርሽ የፋብሪካ ችግር ነው፣ ሌላም ሰው አምጥቶልን ቀይረናል» አላቸው። ከዚያ በሰው እጅ የተነካ ዕቃ እንደማይሸፈን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን አንቀጽ አነበበልን። መጽሐፉን መጀመሪያ የገለጥኩት ያን ዕለት ነው። አማርኛም እንግሊዝኛም ነበረው። በሁለቱም አንድ ዓይነት ይላል።

ካምቢዮው በአያ ገንዘብ ተሠራ። ዓመት ሳይሞላ መኪናውን ሸጡትና እንደገና በሰው መኪና ማስጫን ጀመሩ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «አብሽር፣ ብረት ነው» አሉኝ። ጭራሽ እስኪሞቱ ድረስ መኪና የተበላሸበትን ሁሉ እየመሩ ወደ እኔ ያመጡ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። «እኔ ነኝ የፈታሁት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ያን ዕለት ከአፌ አልወጣም።

እንግዲህ ልጅቷን ምን ልበላት? መኪናሽን በንጽሕና ያዢ፣ ጎማ አስነፊ የሚለውን አልናገርም፤ ይሄን የሚያጣው ሰው የለም።

በእኛ አገር ቅሬ አለ፤ ሌላው እድር የሚለው። ሁሉም ያዋጣል፤ ማንም «መቼ ነው የእኔን የማገኘው» ብሎ አይጎመጅም። ግን ቅሬ ለማትረፍ አልተቋቋመም። የተራዘመ ጋራንቲ የሚሸጠው ለትርፍ ነው። ሻጩ ከመቶ ሰው የሰበሰበው ለመቶው ከሚያወጣው ካልበለጠ ለምን ይሸጠዋል? ስለዚህ አብዛኛው ከፋይ የከፈለውን ያህል አያገኝም። በዚህ ስሌት ያንኑ ብር ለብቻው ብታስቀምጥ፣ ወይም እቁብ ብትገባበት ይሻላታል። መኪናው ካልተበላሸ ብሩ የእሷ ነው። መጀመሪያ «ተይው» ያልኳት ለዚህ ነው፤ ስሌቱ አልተሳሳተም።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ጋራዥ የገባ ያውቃል። እቁቧ ብር ነው፤ ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ውሉ «ዕቃውን እንቀይራለን» ካለ የዋጋው ጭማሪ የሻጩ ራስ ምታት ነው። «እስከዚህ ብር ድረስ እንሸፍናለን» ካለ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ብር ምን እንደሚገዛ አስቡት። ይቺ አንዲት መስመር ከዋጋው ትበልጣለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሰው የሚፈራው ባትሪውን ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ግን ለትልቁ ባትሪ ለብቻው ጋራንቲ ይሰጣሉ፤ የተለመደው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ባትሪው በዚያ ከተሸፈነ የሚራዘመው ሌላው ነው፤ ቻርጀሩ፣ ስክሪኑ፣ ኤሌክትሮኒክሱ። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ አሞርዛተር በዋናው ጋራንቲም በተራዘመውም ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሉም፤ ያልቃሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ግጭት ደግሞ የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። እና ጥንቃቄ፣ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራን መኪና ነጋዴ አምጥቶ ከሸጠላችሁ የፋብሪካው ጋራንቲ እዚህ ላይከተለው ይችላል። ያኔ «እናራዝምልሻለን» ሲሉ ምኑን ነው የሚያራዝሙት? የሌለ ነገር አይራዘምም።

ኪሎ ሜትሩንም ቁጠሩት። ልጅቷ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳለች፣ ያንኑ ትወጣለች። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሆን 300፣ በዓመት 15 ሺህ ገደማ። ለእሷ ቀድሞ የሚሞላው ዓመቱ ነው። በዚያው መኪና ታክሲ የሚሠራ ሰው ግን ዓመቱ ሳይደርስ ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል፤ ብዙ ውል ደግሞ ለንግድ የሚሠራ መኪናን ወይ አይሸፍንም ወይ ያሳጥርበታል። (በነገራችን ላይ መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ስትወርድ መኪናው ራሱ ባትሪውን ትንሽ ይሞላዋል፣ ማታ ስትወጣ የሞላውን ከነወለዱ ይበላዋል። አያ ይሄን ቢያዩ እንዴት ይስቁ ነበር።)

እናንተ ልጆች አንድ ነገር ለመግዛት ሃያ ቪዲዮ ታያላችሁ። ቴሌግራም ላይ የማታውቁትን ሰው ትጠይቃላችሁ። ውሉን ግን ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። ይሄን ስናገር እፍረት ይይዘኛል፤ እኔም ያላነበብኩ ነኝ። ቢያንስ እናንተ ቪዲዮ አይታችኋል።

እኔ ብሆን ውሉ ውስጥ የምፈልገው ሰርቪሱ የት እንደሚደረግ የሚለውን ነው። በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የተፈቀደለት ጋራዥ ገብቶ ማኅተም ይመታ ካለና ቅርቡ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ደሴ የሚኖር ሰው አንዴ ሁለቴ ይሄድና ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። እኔ ዓይነቱ ጎረቤት ደግሞ «እኔ እያለሁ» ይላል። ያን ቀን ወረቀቱ ሞተ። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ የሚያመጣው ማን እንደሆነም ይጠየቅ። ከደሴ አዲስ አበባ መኪና ማስጫን ቀላል ዋጋ አይደለም።

ጉድለት ሲታይ ደግሞ ዝም ማለት አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ገዢም እንዳየ ወዲያው ያሳውቅ ይላል። በጽሑፍ ቢሆን፣ ቀን ቢኖረው ጥሩ ነው። ሳይነካ። ሳይፈታ። እኔ ለመካኒክ ሥራ የምቆረቆር ሰው ይሄን መጻፌ ለራሴም ይገርመኛል፣ ግን ጋራንቲ ያለበትን መኪና ለማንም አታስፈቱ። ለእኔም ቢሆን።

እውነቱን ሁሉ ልናገርና፣ ልጄ አምና አዲስ አበባ መኪና ሲገዛ «ጨምረህ አስረዝመው» ያልኩት እኔ ነኝ። ብር ሁሉ ጨምሬለታለሁ። ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ ከላይ ጽፌላችኋለሁ። ጋራዡ ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ነው እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ሽንኩርት ሸትቶኝ ነው።

ትናንት ለልጅቷ ደወልኩላት። «ቅዳሜ ያልኩሽን ተይው፣ ውሉን ላኪልኝ» አልኳት። ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችው፤ ሰባት ገጽ ነው። መነጽሬን አድርጌ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። «የተፈቀደለት ጋራዥ» የሚል አለ፤ የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ደውላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። «እናጣራና እንነግርሻለን» ብለዋታል። እስከ ዛሬ ማታ አልደወሉላትም።