መልስ፦ በፋይበር ፌሮ የተሠራው ቢም ተሰነጠቀ፤ ይፍረስ ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጣና ዳር ለሚሠራ በረንዳ 5 ሜትር ቢም በግላስ ፋይበር ፌሮ (በብረት ፋንታ ከመስታወት ክርና ከሙጫ በተሠራ ፌሮ) ሠርታችሁ፣ ድጋፉ ሲነሳ ከሥሩ 0.4 ሚሊሜትር የሚሆኑ ስንጥቆች ታዩ፤ ባለቤቱም "አፍርሱልኝ" ብሏል።

ስንጥቅ ስለታየ ብቻ አይፈርስም። እኔን ያሳሰበኝ በመሃል ጣል ያደረግካት ነገር ናት፦ "አራት ባለ 16 ብረት የነበረውን ሻጩ በሰጠን ሰንጠረዥ በአራት ባለ 12 ፋይበር ተካነው።" (ቁጥሩ የፌሮው ውፍረት በሚሊሜትር ነው።) ያችው ዓይነት ሰንጠረዥ እኔንም አንድ ጊዜ ሸውዳኛለች፤ ደግነቱ የእኔ የአጥር በር ላይ ያለች አጭር ቢም ነበረች።

ሰንጠረዡ የሚያወዳድረው ጥንካሬን ብቻ ነው። አስላው፦ አራት ባለ 16 ብረት 804 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ በ400 ሜጋፓስካል 322 ኪሎኒውተን ይሸከማል። አራት ባለ 12 ፋይበር 452 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ በ800 ብንይዘው 362 ይሆናል። እስከዚህ ፋይበሩ አሸነፈ። ነገር ግን ስንጥቅን የሚገታው ፌሮው ሳይበጠስ የሚችለው ኃይል አይደለም፣ አልሳብ ባይነቱ ነው። ይህን የሚለካው ኢላስቲክ ሞጁለስ ለብረት 200 ጊጋፓስካል ነው፤ የግላስ ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60። በ45 ብታስበው የእናንተ ቢም ፌሮ ግትርነት የዋናው ዲዛይን አንድ ስምንተኛ ነው የሚሆነው። ታዲያ ቢሰነጠቅ ምን ይገርማል?

ተማሪ እያለሁ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢም ስንፈትን ጎኑን ኖራ ቀብተን፣ ስንጥቅ በታየ ቁጥር አጠገቡ በማርከር ጭነቱን እንጽፍ ነበር። የብረቱ ቢም ስንጥቅ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። የፋይበሩ ግን "ቋ" ብሎ ከተከፈተ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይኛው ፊት ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ቢሙ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን። ጭነቱን ስንለቅለት ደግሞ ስንጥቆቹ ተከደኑ፣ ቢሙም ቀና አለ፤ ፀጉር የሚያክል መስመር ብቻ ቀረ። ብረት አንዴ ከአቅሙ በላይ ተስቦ ከረዘመ እንዲህ አይመለስም። ፋይበር ግን ተስቦ አይቀርም፤ እስኪበጠስ ድረስ እንደ ላስቲክ ነው፣ ሲበጠስም ሳይነግርህ ነው።

ለዚህ ነው የስንጥቅ ገደቡ የሚለያየው። ዩሮኮድ (የአውሮፓው የግንባታ ደረጃ) ለእርጥበት የተጋለጠ ብረት ባለበት 0.3 ሚሊሜትር ሲል፣ የካናዳው ደረጃ ለፋይበር ውጭ ላለ 0.5፣ ቤት ውስጥ ላለ 0.7 ይፈቅዳል፤ ፋይበሩ አይዝግማ። የእናንተ 0.4 ያልፋል እንዳትል ግን፣ አሁን ቢሙ የተሸከመው ራሱን ብቻ ነው! ልስኑ፣ ሴራሚኩ፣ ወንበሩ፣ እሑድ ዓሣ ሊበላ የሚመጣው ሰው ገና ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት የ2015 መመሪያ በግላስ ፋይበር ላይ ዘወትር የሚቆየው ጫና ከጥንካሬው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ከዚያ ከበለጠ ከዓመታት በኋላም ሊበጠስ ይችላል።

"መሃል ላይ አንድ ኮለን ብንጨምርስ?" ላልከው፣ ተጠንቀቅ። ኮለኑ ላይ የሚወጠረው የቢሙ ላይኛው ፊት ነው። ላይ ያላችሁ ስታፋ (ፌሮውን የሚያቅፈው ቀለበት) ማንጠልጠያ ሁለት ባለ 8 ብቻ ከሆነ፣ ከታች የሸሸኸው ስንጥቅ ከላይ ይጠብቅሃል።

በነገራችን ላይ ሻጩ "ለባሕር ውኃ ፍቱን ነው" ማለቱ ውሸት አይደለም፤ ጣና ግን ጨው የለውም። በደንብ የተቦካ ኮንክሪትና በቂ ከቨር (ፌሮውን የሚሸፍን የኮንክሪት ውፍረት) ቢኖረው ብረቱም ይበቃችሁ ነበር።

አሁን ድጋፉን ዛሬውኑ መልሱ፣ ቢሙ ላይ ምንም አይጫን። ስንጥቆቹን እይ፤ መሃል ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት የጠበቅናቸው ናቸው። ወደ ጫፉ፣ ኮለኑ አጠገብ በሰያፍ የሄደ ካለ ግን ሰው ከሥሩ አይለፍ፤ ዲዛይነሩን ጥራ። ሁለት ሦስቱ ላይ ጀሶ ለጥፈህ ቀን ጻፍበት፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ገና እየተከፈተ ነው። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረህ መሃሉ ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ፣ የቢሙን ቁመትና የስታፋውን ርቀት እዚህ ጻፍልኝ፤ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላልሃለሁ።