የውስጠኛው የፍሬን ሸራ ብቻ ቶሎ ሲያልቅ

ሸራው ጥራት ስለሌለው አይደለም። በኮሮላህ የፊት ቀኝ ጎማ የውስጡ ሸራ 2 ሚሊ ቀርቶት የውጪው 8 ሚሊ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካሊፐሩ (ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ዝገው መያዛቸው ነው። ካሊፐሩ ወደ ጎን መንቀሳቀስ ሲያቅተው ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተን የሚገፋው የውስጡን ሸራ ብቻ ይሆናል። ፒኑን ሳትነካ አዲስ ሸራ ብትገጥም በዚያው መልክ ያልቃል።

1. መኪናውን በክሪክ አንሳና በማቆሚያ ደግፍ፤ በክሪክ ብቻ አትሥራ።
2. ካሊፐሩን ፈትተህ በሽቦ አንጠልጥለው። በፍሬን ዘይቱ ጎማ ቱቦ ላይ ከተንጠለጠለ ቱቦው ውስጡ ይጎዳል።
3. ፒኖቹን በእጅ ሳብ። ጤነኛ ፒን ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ የያዘውን እያዞርክ አውጣና ዝገቱን ጥረግ። ከተቦረቦረ ለውጠው።
4. የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀባ። ተራ ግሪስ የፒኑን ጎማ ያሳብጠውና ፒኑ መልሶ ይይዛል።
5. አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አድርገህ በማጥበቂያ (ክላምፕ) ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ መልሰው። እምቢ ካለ ችግሩ ፒስተኑም ጋ አለ።

ዲስኩንም ለካ፤ ዝቅተኛው ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጿል። ሸራ ስትቀይር ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል።

አንድ ነገር አደራ፦ ጨርሰህ ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተመለሰ የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናውም አይቆምም።