አፍንጫው ወደ ሰሜን፣ አውሮፕላኑ ወደ ግራ

ጥያቄ፦ የበረራ ተማሪ ነኝ። ሄዲንግ 360 (ቀጥታ ወደ ሰሜን) ይዤ እየበረርኩ ካርታው ላይ ግን ከመስመሬ በስተግራ እገኛለሁ። ኮምፓሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮምፓሱን ከመጠርጠርህ በፊት ነፋሱን እይ። ሄዲንግ የአውሮፕላኑ አፍንጫ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ትራክ ግን መሬት ላይ በእርግጥ የሄድክበት መስመር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ድሪፍት ይባላል።

በቁጥር እንየው። የአየር ፍጥነትህ 100 ኖት (በሰዓት 100 ኖቲካል ማይል) ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ከምሥራቅ በ20 ኖት በጎን ይመታሃል እንበል። 20ን ለ100 አካፍለህ በ60 አባዛው፣ 12 ይመጣል፤ ይኸውልህ፣ 12 ዲግሪ ገደማ ወደ ግራ እየተገፋህ ነው፣ ዝም ካልክ 60 ኖቲካል ማይል ስትጓዝ ከመስመርህ 12 ማይል ያህል ትርቃለህ። ቀላል አይደለም! መፍትሔው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ነው፦ ሄዲንግ 012 ያዝ፣ ክንፍህንም ደልደል አድርግ።

አደራ፣ የነፋስ አቅጣጫ የሚነገረው ከሚመጣበት ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይገለብጠዋል፣ ድሪፍቱም እጥፍ ይሆንበታል። ደግሞም በጽሑፍ የሚደርስህ የነፋስ ትንበያ በእውነተኛው ሰሜን ሲሰላ ኮምፓስህ የሚያሳየው መግነጢሳዊውን ሰሜን ነው፤ ልዩነቱን ከካርታህ ላይ አንብበህ ከመነሳትህ በፊት አስተካክል።