ከዘጠኙ ቁጥር ጀምሪ

«ደሴ ነው ያለሁት፤ አሽታንጋ ዮጋ የሚያስተምር ሰው አጣሁ። በቪዲዮ ብቻ መሠረቱን መያዝ ይቻላል? ከየት ልጀምር? ምንጣፍስ የግድ ነው?» ላልሽው እህቴ፦

እኔም እዚሁ ደሴ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ስለምውል ወደዚህ ነገር የገፋኝ ጀርባዬ ነው። ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ «ይቻላል» ነው። እኔ በሄድኩበት መንገድ ግን አትሂጂ።

ምን አደረግኩ መሰለሽ? አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ አንዲት አስተማሪ አገኘሁ። ሴትዮዋ በሦስት ሳምንት ውስጥ የፀሐይ ሰላምታ ከሚሉት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ሱርያ ናማስካራ ከሚባለው ሌላ ምንም አላሳየችኝም። ገንዘቤን የበላችብኝ መሰለኝ። ደሴ ስመለስ የአሽታንጋን «የመጀመሪያ ተከታታይ» የሚሉትን፣ በቅደም ተከተል የተደረደሩ የሰውነት አቀማመጦች ያሉበትን ሙሉ ቪዲዮ አወረድኩና በሁለተኛው ሳምንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጣሁት። አንድ ሰዓት ተኩል! እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቂኝ። በአራተኛው ሳምንት ቀኝ ትከሻዬ ከዳኝ። መቀስ መያዝ አቃተኝ። ያውም ጳጉሜ ሊገባ ሲል፣ ሰው ሁሉ የእንቁጣጣሽ ቀሚሱን በሚጠብቅበት ሰሞን።

ጥፋቱ የት እንደነበር ለማሳየት የፀሐይ ሰላምታውን ዘጠኝ ቁጥር ልንገርሽ። አንድ ሲል አየር እየሳብሽ እጅሽን ወደ ላይ። ሁለት፣ እያስወጣሽ ጎንበስ። ሦስት፣ እየሳብሽ ጀርባሽን ዘርግተሽ ቀና። አራት፣ እያስወጣሽ እግርሽን ወደ ኋላ ወስደሽ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለሽ ዝቅ። አምስት፣ እየሳብሽ ደረትሽን ወደ ፊትና ወደ ላይ። ስድስት፣ እያስወጣሽ መቀመጫሽን ወደ ላይ፤ እዚህ ላይ አምስት ትንፋሽ ትቆያለሽ። ሰባት፣ እየሳብሽ እግርሽን ወደ እጆችሽ መሃል። ስምንት፣ እያስወጣሽ ጎንበስ። ዘጠኝ፣ እየሳብሽ ቀጥ ብለሽ እጅ ወደ ላይ። በቃ። ሁለተኛው ዓይነት ሰላምታ 17 ቁጥር አለው።

ጉዱ ያለው አራተኛው ላይ ነው። ቻቱራንጋ ይሉታል። ክርንሽ ከጎንሽ ተጠግቶ፣ ትከሻሽ ከክርንሽ በታች ሳይወርድ መቆም አለበት። እኔ ክርኔን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርግቼ ዘፍ ነበር የምለው። ሙሉው ተከታታይ ውስጥ ደግሞ በየመሃሉ ይህችው ነገር ትመላለሳለች። ስህተቱን በቀን በደርዘን ደጋገምኩት ማለት ነው። ስለዚህ ለጊዜው ጉልበትሽን መሬት አስነኪና ውረጂ። ነውር የለውም። እኔ ስድስት ወር እንደዚያ ነው የሠራሁት።

አሽታንጋን ለዓለም ያስተዋወቁት ፓታቢ ጆይስ ናቸው። ክሪሽናማቻርያ ከሚባሉ የዮጋ መምህር ተምረው በፈረንጆቹ 1948 ሕንድ ማይሶር ከተማ ማስተማሪያ ቤት ከፈቱ። የማይሶር አሠራር የሚባለውም ከዚያ የመጣ ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ የየራሱን ይሠራል፤ አስተማሪው ያለፈውን አቀማመጥ ስትይዢው ነው ቀጣዩን የሚሰጥሽ። ወሎ ለተወለደ ሰው ይህ እንግዳ አይመስለኝም። ቁርኣን ቤት የተቀመጠ ልጅ የየራሱን ሎህ፣ የተጻፈበትን ጣውላ ነው የሚያነበው፤ የትናንቱን ሳያደርስ የዛሬው አይጻፍለትም። ዳዊት የሚማረውም እንደዚያው። ያቺ አዲስ አበባ ያስተማረችኝ ሴትዮ ለካ ሎሄን እየጠበቀችልኝ ኖሯል።

ትንፋሹን በተመለከተ፦ መስታወት ልታጸጂ «ሃ» እንደምትዪው ነው፤ አፍሽ ግን ይዘጋል። በጉሮሮሽ በስሱ እያሰማሽ በአፍንጫ ትስቢያለሽ፣ በአፍንጫ ታስወጫለሽ። ኡጃዪ ይባላል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ቆማ «ምነው ልጄ፣ ደረትሽን ያዘሽ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ዳማከሴም ጨምቃ አመጣችልኝ። ይህ ድምፅ ከተቆራረጠ ወይም ካፈንሽው አቅምሽን አልፈሻል ማለት ነው፤ ያኔ ቀንሺ። ከቪዲዮ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው።

ባንዳ የሚል ቃል ስትሰሚ ደግሞ አትደንግጪ፤ የጣሊያን ጊዜው ባንዳ አይደለም። በሳንስክሪት መቆለፊያ እንደማለት ነው፤ የታችኛው ሆድና የመቀመጫ አካባቢ ጡንቻ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ሲል። ለጀማሪ ራስ ምታት ነው፤ ቆይቶ ይመጣል። የዓይን ማረፊያም አለ፣ ድሪሽቲ። ለአሁኑ ዓይንሽ ሞባይሉ ላይ አይንከራተት፤ ያ ይበቃል። ቁጥሩን በቃልሽ ያዢና ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው።

ሃይማኖትን የጠየቅሽ የለም፤ ግን ሰው ስለሚያነሳብሽ ልናገር። አሽታ ስምንት፣ አንጋ የአካል ክፍል ማለት ነው፤ ፓታንጃሊ የሚባሉት የጥንት የዮጋ ሊቅ ከዘረዘሯቸው ስምንት የዮጋ ክፍሎች የመጣ ስም ነው። የሰውነት እንቅስቃሴው ሦስተኛው ብቻ ነው። ከልምምዱ በፊት የሚባል የሳንስክሪት ዝማሬም አለ። እኔ አልለውም። አንቺ ከህሊናሽ ጋር ተመካከሪ።

በልማዱ በሳምንት ስድስት ቀን ተሠርቶ ቅዳሜ ይታረፋል። ለኔ ቅዳሜ ደንበኛ የሚበዛበት ስለሆነ ተመችቶኛል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ የምትሆንበት ቀንም ዕረፍት ነው። ጎረቤቴ ያሉ ሐጂ ግድግዳቸው ላይ የሂጅራ ካላንደር አለ፤ ወሩ 14 ወይም 15 ሲል ሙሉ ጨረቃ ናት፣ እሳቸውን እጠይቃለሁ። «ደግሞ ዛሬም ልታርፊ ነው?» ብለው ይስቁብኛል። የወር አበባ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናትም ይታረፋል።

ሆድሽ ባዶ ይሁን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምሠራው፣ ከቡና በፊት። ኮምቦልቻ ብትሆኚ ይቀልሽ ነበር፤ የደሴ ጠዋት ያንዘፈዝፋል። ሹራብሽን ለብሰሽ ጀምሪና አምስተኛው ዙር ላይ ታወልቂዋለሽ። ከመጀመሪያው ሰላምታ አምስት፣ ከሁለተኛው ሦስት ዙር፣ ከዚያ በጀርባሽ ተኝተሽ ጋቢ ደርበሽ አሥር ደቂቃ። ጋቢውን ቀድመሽ አጠገብሽ አድርጊ፤ ላብሽ ሲበርድ ብርዱ መጥፎ ነው። ለሦስት ወር ይኸው ነው። ቆመሽ የምትሠሪያቸውን አቀማመጦች ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ጨምሪ። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን አቁመሽ ሐኪም አሳዪ፤ እኔ «ይለቀኛል» እያልኩ ነው ያባባስኩት።

ምንጣፍ፦ ሰሌን ላይ እንዳትሞክሪ፣ ስድስተኛው ቁጥር ላይ እጅሽ ሸርተት ይልና በአፍንጫሽ ነው የምትወርጂው። እኔ ከመግዛቴ በፊት በባዶ ሊሾ ላይ ነበር የምሠራው፤ ለጉልበቴ ብቻ የታጠፈ ብርድ ልብስ አነጥፍ ነበር። ቀዝቃዛ ነው እንጂ አያንሸራትትም።